ጾም ያልነበረው የአባ ጾም

ለወንድሜ ለጦልሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? የጀርመን ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ጉልበትህን ዛሬም ያምሃል ወይ? ባለቤትህ ዱኒያስ፣ ትንሹ ልጃችሁ ሚክዳድስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ስትደውል የአባ ምርመራ ጥሩ ነው ያልኩህ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚሰማ ነው። ዋሽቼሃለሁ። ዘመዳችን ዐማል ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ እውነቱን በእጇ በወረቀት ልኬልሃለሁ።

የእናንተ አገር ሐኪሞች ወገቡ አካባቢ ነርቩ ላይ ትንሽ መሣሪያ ተክለው የሽንት ፊኛውን በኤሌክትሪክ ሊያነቁለት እንደሚችሉ የነገርከን ቀን ትዝ ይልሃል? የሚነዳው የጭነት መኪና መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ተገልብጦ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ አባ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ውሃ እየጠጣሁ መስጊድ የምሄድ ከሆነ ጉሮሮዬም ላይ ይትከሉት ብሎ እማን አሳቃት። በማግስቱ አዲስ ጀለቢያ አሰፋ። ውሃ ያለውን እኔ ልብ አላልኩም።

መጀመሪያ የኩላሊት ምርመራ ላኩ ስላሉ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ጠየቀ። እኔ ምላሰ ረጅሟ ቀድሜ፣ አባቴ ጾመኛ ነው፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ረመዳን ካለፈም በኋላ ይጾማል አልኩት፤ እየኮራሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አባ ወለሉን እያየ፣ ልጄ፣ ጾም አልነበረም አለ።

ለካ አንድ ጁምዓ መስጊዱ ምንጣፍ ላይ ሽንት አምልጦት ኖሯል። ማንም አላየም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከንጋቱ ፈጅር እስከ ማታው ዒሻ ሰላት ጠብታ ውሃ ባፉ አላዞረም። ሽንቱን የሚያወጣበትን ቱቦም በሰዓቱ ማስገባት ያፍር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ እሱ ያልነካውን ውሃ እየደፋሁ ማሻአላህ እላለሁ። እማን ስኳሯ አላስጾም ሲላት ከአባ ተማሪ እያልኩ አሾፍባት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ኋላ ሼኩን ጠየቅኳቸው። ሽንት የማይቆምለት ሰው ለየሰላቱ ታጥቦ ውዱ አድርጎ ይስገድ፣ አላህ አላስጨነቀውም አሉኝ። አባ ይህን ለመጠየቅ አፍሮ ነው ለዚህ የደረሰው።

ሐኪሙ እኔን ብቻ ኮሪደር አውጥቶ ሁለቱም ኩላሊቶቹ እንዳለቁ ነገረኝ። የታቆረው ሽንት ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በውሃ ጥሙ ላይ ኢንፌክሽን ተደራርቦበት ነው። ቀዶ ጥገናውን አይችልም፤ መሣሪያው ቢተከልም ፊኛው የሚያወጣው ሽንት እየጠፋ ነው አለኝ። የኩላሊት እጥበት ጀምረንለት ነበር፣ ልቡ አልቻለም። አሁን በቀን የተፈቀደለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው። ሲሃሜ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ ሲለኝ ጆጉን ከዓይኑ እሰውራለሁ።

ኩላሊቱ መታመሙን ያውቃል፤ መሣሪያው መቅረቱን ግን አልነገርኩትም። ቀጠሮው ደረሰ ወይ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። መሣሪያውን ተወው፣ አንተ ቶሎ ና።

እማ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ትልሃለች። ዊልቸሩን መስጊድ የሚገፋለት ጎረቤታችን አኒስ ሰላም ብሎሃል። ዱኒያን እቀፍልኝ፣ ሚክዳድን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ። አባም እየጻፍኩ መሆኔን አይቶ፣ ተሽሎኝ አብረን ጁምዓ እንሰግዳለን፣ ከመስጊዱ ደጅም ቀዝቃዛ ውሃ እስክጠግብ እጠጣለሁ ብለሽ ጻፊለት አለኝ። እሺ ብዬ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሲሃም

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.