የካውቦዩ አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደከመኝ። ወሎ ሰፈር ማስታወቂያ ቤት ቀኑን ሙሉ የፋርማሲ ስም ፊደል ስቆርጥ ዋልኩ። ወገቤ አልታዘዝ ብሏል።

ቤት ስገባ እህቴ ፍሬ በር ላይ ጠበቀችኝ። "መክተፊያዬስ?" ምን ልበላት? አትላስ ያፌት ባር ላለው የኳስ መጫወቻ ማሽን፣ ለፍሊፐሩ ክንፍ፣ እንደ መክተፊያ ፕላስቲክ የሚሆን የለም። ኳሷን እየመታ የሚመልሰው ክንፍ በየሦስት ወሩ ይሰነጠቃል፤ መለዋወጫ ደግሞ የትም አይሸጥም። እኔው ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ነው የምሠራው።

"ለያፌት ባር ማሽን ስትዪ እኔ ሽንኩርት በሰሐን ልክተፍ?"

ሌላ እገዛልሻለሁ አልኳት። ባለፈውም እንዲሁ ብያት ነበር...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ከሰዓት አትላስ ሄድኩ። ክንፎቹ ገቡ። ግራው ትንሽ ይንቀራፈፋል።

ያፌት ፊቱ በርቷል። ከአባቱ የወረሰውን ፍሊፐር ሊሸጠው ነው! ገዢው አቶ ሰዓድ የሚባሉ የወሎ ነጋዴ ናቸው፤ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባሉ።

"አዝሚ፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብያቸዋለሁ። ከጠየቁሽ አዎ በይ። የጎደለችውን የቀኝ ጥግ ሥዕል ብቻ ሙያት፤ ካውቦይ በፈረስ ላይ ነበር።"

"እኔ የሠራሁትስ?"

"አራት አምስት ቁራጭ ብትሆን ነው። ማን ያያታል?"

አራት አምስት! አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ነው? አንድ ቀን እንኳ "አዝመራ ናት የሠራችው" ቢል ምን ነበረበት? ከዚያች ቃል ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ግን የሥዕሉን ቦታ ለክቼ ወጣሁ። መጨቃጨቅም አቅም ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከማስታወቂያ ቤቱ ቁርጥራጭ ፕሌክሲ፣ ያን መስታወት መሳይ ፕላስቲክ፣ አመጣሁ። የብሎኑን ቀዳዳ በጋለ ምስማር በሳሁት፤ በድሪል ከሆነ ይሰነጠቃል። ሥዕሉ የሚሠራው ከጀርባ ነው። መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ግራና ቀኙ ተገላብጦ። ለቀዩ የፍሬን የጥፍር ቀለም ወሰድኩ።

ካውቦይ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ፈረስ ግን ሰላሌ ላደገ ሰው አይጠፋውም። አባዬ ኮርቻ ላይ እንዴት ይቀመጥ እንደነበር እያሰብኩ ሣልኩት። አምሮልኛል መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ፍሬ የጥፍር ቀለሙን ደረሰችበት። በዚያው ነገ ገዢው እንደሚመጡና ያፌት በይ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት።

"ውሸት ነው እኮ!"

"እኔ አልዋሽም። ዝም ነው የምለው።"

"ጌታ ፊትም ዝም ልትዪ ነው?"

ጸልዬ ልተኛ ብዬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አቶ ሰዓድ መጡ። ትሁት ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። የፍሊፐሩን መስታወት አስነስተው አንድ በአንድ አዩ። ያፌት "ሁሉም ኦሪጅናል" እያለ ይከተላቸዋል። እኔ ጥግ ይዣለሁ።

ቀኝ ጥጉ ላይ ሲደርሱ መነጽሩን አወረዱት።

"የዚህ ካውቦይ ቦት ጫማ የት ሄደ?"

አየሁት። ወይ ጉድ! ባዶ እግሩን ነው። አውራ ጣቱን ብቻ እርካቡ ውስጥ ሰክቷል፣ ልክ እንደ አባዬ። ስሥለው ሌላ የእርካብ አረጋገጥ መኖሩ ትዝም አላለኝ።

"ሲመጣም እንዲሁ ነው" አለ ያፌት፣ ሳያፍር።

"ከአሜሪካ?" አሉና ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ እህቴ፣ ምን ትያለሽ?"

ያፌት አፍጥጦብኛል።

"እኔ ነኝ የሣልኩት" አልኩ። "ሌላም አለ።"

አልተቆጡም። "እንግዲያው የተሠራውን አውጡና ኦሪጅናሉን ልየው። የምገዛው እሱን ነው።" ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

ከሄዱ በኋላ ያፌት "ጉድ ሠራሽኝ! ቅዳሜ መጥተሽ ያንቺን ነቅለሽ ውሰጂ። ከዚያ ሁለተኛ እዚህ በር እንዳላይሽ" አለኝ።

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከሥራ ተመልሼ ምንም አልሠራሁም። እጄ ሥራ ሲፈታ ግራ ይገባዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጠዋት ሄድኩ። አቶ ሰዓድ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ካውቦዩን ፈታሁ። ከዚያ ሁለቱን ክንፎች። ከዚያ የኳሷን መሄጃ፣ የጥግ ሥዕሎቹን፣ የአምፖሎቹን ክዳን፣ በጎን ያሉትን ቁልፎች... ያፌት መጀመሪያ ስልኩን ይነካካ ነበር። አሥረኛው ላይ ቀና አለ። ሃያኛው ላይ ተነስቶ መጣ።

"ይሄም?"

"ይሄም።"

"ይሄ እንኳ የአባቴ ነው..."

"የአባትህ ከተሰበረ ስምንት ዓመቱ። አንተ ራስህ ነህ ስብርባሪውን በፌስታል የሰጠኸኝ።"

ሠላሳ አንድ። እኔም ቆጥሬው አላውቅም ነበር። የቀረው ሣንቃ፣ አምፖልና ሽቦ ነው። አቶ ሰዓድ ተነስተው ኳሷን ከላይ ለቀቋት። ምንም ሳይነካት ቁልቁል ተንከባልላ ጉድጓዱ ገባች።

"አቶ ያፌት፣ ታዲያ እኔ የምገዛው ምኑን ነው?"

ያፌት አንገቱን አከከ። "አዝሚ፣ በቃ መልሺው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደሳቸው ዞረ። "እሷ ናት የሠራችው። ሁሉንም። እጇ የተባረከ ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ቃል። ስትመጣ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም፤ ደከመኝ ብቻ። ቁራጮቹን በካርቶን ሞላሁና አቶ ሰዓድን ተሰናብቼ ወጣሁ። ያፌት እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ። አልዞርኩም።

መገናኛ ወርጄ የላምበረት ታክሲ ያዝኩ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። እስክደርስ ያፌት አራት ጊዜ ደወለ።

ፍሬ በሩን ከፈተች። "ደሞ ምን ተሸክመሽ መጣሽ?"

"ፍሊፐሩን" አልኳት።