ማበጠሪያሽን ይዘሽ ግቢ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጡትሽ ላይ ያለው እብጠት እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ትቀምሻለሽ? እማዬስ ከጭንቀቷ በረድ አለች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጋውን ከለበስኩ ወዲህ አረማመዴ ሁሉ ተለውጧል እያሉ ይስቁብኛል።

ሰኞ ቀዶ ሕክምና እንደምትገቢ፣ ደግሞም «ያን ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አልነካም፤ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ» ማለትሽን ከደብዳቤሽ አነበብኩ። ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኛም ክፍል ሞርፊንንና ዘመዶቹን መቀነስ ተጀምሯል። ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር የደረት ነርቮች በመርፌ ይደነዝዛሉ፤ ከዚያ ቀለል ያሉት ማስታገሻዎች ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓታቸው ይሰጣሉ። ጠንካራው መጠባበቂያ ነው። ብዙዎቹ ሳይነኩት ቤታቸው ይገባሉ፤ ማቅለሽለሹም ይቀርላቸዋል። ይህን ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ አንዷ ባልደረባዬ «ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ የፈጠርሽው አስመሰልሽው!» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጠና ያሉ መምህርት እንዳንቺው የጡት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እኛ ክፍል ተኝተው ነበር። ጠዋት ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ»፤ ማታም «ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንዴት ዋልሽ?» ይሉኛል። ባላቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ግን ማበጠሪያ ሰጡኝና «እስቲ የኔ ልጅ፣ ፀጉሬን አስተካክይልኝ» አሉኝ። እጅዎ እምቢ አለ ወይ ብላቸው ሊያነሱት ሞከሩ፤ ትከሻቸው ጋ ሳይደርስ ፊታቸው ጠቆረ። ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቅ፣ «ስትሮጪ እያየሁ ላስቸግርሽ? ደግሞ ያለዚያ መድኃኒት መክረም ጉብዝና መሰለኝ» አሉ። ሐኪሙ መጥቶ ከጠንካራው ጥቂት አዘዘላቸው፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ፀጉራቸውን ቀስ እያሉ ራሳቸው አበጠሩ። መድኃኒቱን ደግመው አልፈለጉትም።

እና እታለም፣ መቀነስ ማለት ጥርስ መንከስ አይደለም። ሕመሙ ከጠናብሽ ክንድሽን ማንቀሳቀስ ትፈሪያለሽ፤ ትከሻሽም ይደርቃል። ስለ ነርቭ ማደንዘዣው ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ካመመሽ ደግሞ አመመኝ በይ። አውቅሻለሁ፤ በር ጣትሽን ቆርጥሞት «ምንም አልሆንኩም» ያልሽ ሰው ነሽ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባዬ ሬዲዮውን ቀነስ ያድርግልሽ። ባልሽን ከእንግዲህ ባልዲ የሚያነሳው እሱ ነው በይልኝ። ትንሿን ደግሞ ደረትሽ ላይ እንዳትዘል አደራ በያት።

ማክሰኞ እደውላለሁ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ፀጉርሽን ማን አበጠረልሽ ነው የምልሽ።

ታናሽሽ
ከነርሶች ማረፊያ ክፍል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ