ሰይጣን እንዳያውቀው የተሳሳተ ሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ ዌንዙ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ? ትንሿስ አደገች? የሜልቦርን ብርድ ለቀቃችሁ ወይ? እኛ ከአባዬ በቀር ደኅና ነን፣ ተመስገን።

በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አባዬ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት አልታመን አለኝ። ጠዋት አስተካክዬው እሄዳለሁ፤ ከዳቦ ቤት ሥራዬ ስመለስ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘዋለሁ። የጠረጠርኩት የአጎታችንን ልጅ ዶሎረስን ነበር። ከሰዓት በኋላ አባዬን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ማርፈዷን ለመደበቅ ነው አልኩ።

«ምነው ዶሎረስ፣ ይቺ ሰዓት አንቺን ስታይ ትሸሻለች እንዴ?» ብላት፣ «ኸረ ወዲያ! ከታማሚ ጋር ተጎልተሽ እይው፣ አንዱ ሰዓት ሳምንት ነው። እኔማ የቆመች መስሎኝ ነበር!» አለችኝ። አላመንኳትም። ግን ስለ ጊዜው እውነቷን ነው፤ ዳቦ ቤት ቀኑ ከእጄ ያመልጣል፣ አባዬ ጋ ስቀመጥ ደግሞ አልገፋ ይላል። ጊዜ የሚሉት ነገር ራሱ ያታልለኛል ማለት ጀምሬያለሁ።

ማክሰኞ ሳይታሰብ ቀድሜ ገባሁ። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ደቂቃ ቆጣሪውን በጣቷ ወደ ኋላ ታዞራለች! «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብል፣ «ዝም በይ፣ ሞት ይሰማሻል!» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ማማዎች የግራው ሰዓት፣ ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዳያውቅ ሆን ተብሎ እንደሚዋሽ መቼም አትረሳም። «ሰይጣንን ካታለለ ሞትን ማታለል ያቅተዋል? ዌንዙ እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱን አይወቅ» አለች።

አሁን የምጠረጥረው አንተን ነው። «ለገና በዓል እመጣለሁ» ስትል እማዬ ያዞረችውን ሰዓት እዚያ ሆነህ የምታይ ይመስለኛል። ሐኪሙ በር ላይ ጠርቶኝ፣ ሩቅ ያለ ልጅ ካለ አሁኑኑ ይምጣ ብሎኛል። ስለ በዓል አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዶሎረስ፣ ብትቀየመኝም፣ ሰላም ብላሃለች። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። አባዬም ሰላም ይልሃል፤ በየቀኑ «ስንት ሰዓት ሆነ? ዌንዙ አልደረሰም?» ይላል። እኔም ግድግዳውን አይቼ «ጊዜ አለን፣ አባዬ» እለዋለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ግን የእጅ ሰዓቴን አይቼ ነው። ተነሥና ና።

እህትህ ማርቴዝ
ጎዞ ደሴት፣ ጥቅምት 1984