ቁጥር አሥራ ሰባት

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

የኔ ጌታ፣ ዓይኔ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደምታውቀው ነው። ስለ ጤና ይህ ይበቃል፤ የምነግርህ ነገር ስላለ ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ድንጋዮችህ ተገኙ!

አዎ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለህ የሰበሰብካቸው፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ቁጥር የጻፍክባቸው፣ አንተንና አባትህን ያቀያየሙት። ባለፈው ወር የጓሮው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሊሾውን አነሣው። የቧንቧ ሠራተኛው ሊሾውን በመዶሻ ሰብሮ ከሥሩ ያለውን ሲያወጣ፣ "እማማ፣ እናንተ ቤት ድንጋይም ታርጋ አለው እንዴ?" አለኝ። ዞር ስል መዳፉ ላይ ቀይ "24"። ባልዲውን ነጥቄው ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ። "ቧንቧውስ?" ቢለኝ፣ "ይፍሰስ!" አልኩት። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱን አገኘሁ።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ከቤተ መጻሕፍት ስለ ድንጋይ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ስታጠና በትከሻህ ላይ አጮልቄ እያየሁ ስለሆነ፣ ዛሬም ከባድ ቃል ሲመጣ ድምፄን አውጥቼ ነው የማነበው። መጽሐፉ፣ ድንች የመሰለ ሻካራ ድንጋይ ለመጠኑ ከቀለለ ውስጡ ክፍት ሊሆን ይችላል ይላል። ሁሉንም በእጄ መዘንኳቸው። ቁጥር አሥራ ሰባት ቀለለኝ።

ይዤው እብነ በረድ ቆራጩ ጋ ሄድኩ፤ ሰፈሩ "አቧራው" የሚለው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ የሆነው ሰውዬ።

"እትዬ፣ ይሄ ለግንብ ነው እንጂ ለመጋዝ አይሆንም።"

"አንተ ብቻ ቁረጠው።"

ውሃ እየፈሰሰበት መጋዙ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ድንገት ድምፁ ሳሳ። አቧራው ቀና ብሎ አየኝ። "እትዬ፣ ውስጡ ክፍት ነው!" ለሁለት ሲከፈል፣ ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ዳር ዳሩ ቀለበት በቀለበት ነው፤ ግራጫ፣ የማር መልክ፣ ነጭ። መሐሉ ደግሞ ስኳር የተበተነበት ይመስል ያብረቀርቃል። አቧራው ራሱን ይዞ፣ "ሃያ ዓመት ስቆርጥ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለ። እኔ አሮጊቷ እዚያው እልል አልኩ።

ማለስለሱን እሱ አስተማረኝ። በብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያጠጡ ማሸት ነው፤ ከሻካራው እስከ ለስላሳው ስድስት ደረጃ። በየመሐሉ ድንጋዩም፣ እጅም፣ ባልዲውም ይታጠባል። አንዱን ግማሽ በአራት ቀን መስታወት አስመሰልኩት። ሁለተኛው ላይ ግን፣ አለቀ ስል፣ መሐል ለመሐል አንድ ጭረት። ጥፍሬ ሥር የቀረች አንዲት የሻካራው ቅንጣት ናት ጉዷን የሠራችው። በለስላሳው ባሸው፣ ባሸው አልጠፋ አለ።

"አይልፉ እትዬ" አለኝ አቧራው። "በለስላሳ አይለቅም። ወደ ሻካራው ተመልሰው እንደገና ነው የሚጀምሩት። አቋራጭ የለውም።"

እኔም ልመለስ።

ድንጋዮችህን ያኔ ሊሾውን ይሠራ ለነበረው ግንበኛ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባትህ አይደለም። የነበረችኝን አንዲት ብልቃጥ የጥፍር ቀለም አሟጠህ ባገኘኋት ጊዜ፣ በንዴት የድንጋይ ሣጥንህን አንሥቼ ግንበኛውን፣ "እንካ፣ ከሊሾው ሥር ጨምረው" አልኩት። ከትምህርት ቤት መጥተህ ስታለቅስ ደነገጥኩ። አባትህ ፊቴን አየና፣ "እኔ ነኝ የጣልኩት" አለህ። በኋላ እንንገረው ስለው፣ "ተይው፤ ልጅ በአባቱ ቢቀየም እናቱ ጋ ይሸሻል። በእናቱ ቢቀየም የት ይገባል?" አለኝ። እኔም ተመቸኝ። ቂሙ ከአንተ ጋር አደገ። ስልክ ለእኔ ብቻ ስትደውል ዝም አልኩ። የአባትህ ቀብር ላይ እንደ ጎረቤት ከኋላ ቆመህ ሳይህም ዝም አልኩ።

ጭረቱ ጠፍቷል። ስድስቱንም ደረጃ እንደገና ሄድኩበት። ያንን ግማሽ ልኬልሃለሁ፤ መስኮት ዳር አዙረህ እየው፣ ሲያበራ! ሌላውን ግማሽ አቧራው የአባትህ መቃብር ድንጋይ ላይ አጣብቆልኛል።

በእኔ ብትቀየም እውነት አለህ። የት እገባለሁ ካልክ፣ አባትህ ጋ ሂድ። መንገዱን ታውቀዋለህ።

እጅህ የነካው ይባረክ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ የልብህን ይስጥህ።

እናትህ

ቀሪዎቹ ሠላሳዎቹ ታጥበው ባልዲው ውስጥ ተቀምጠዋል። ያንተ ስለሆኑ አላስቆርጣቸውም። ቁጥር ሃያ አራት ግን፣ ልጄ፣ እሱም ቀለል ይላል!