ሙሉ ሸሚዝ

ረቡዕ

ዛሬም ሰርቪስ ልጠብቅ ወጣሁ። አየር ጤና፣ የሁልጊዜ ቦታዬ ላይ፣ ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው። ጭንቅላቴ ያውቃል፣ እግሬ ግን ገና አልሰማም። በጉሙ ውስጥ የፋብሪካ ጓደኛዬ ፎዚያ ስትመጣ አየኋት፤ እሷም ምሳ ዕቃዋን ይዛለች! ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀብን።

«እዚህ ከምንገተር ወረዳ እንሂድ» አለችኝ።

የሥራ ዕድል ፈጠራዋ ልጅ በደንብ አናገረችን። መንግሥት ከፋብሪካ ለወጡ ሰፊዎች እዚሁ ኮልፌ ሼድ እያዘጋጀ ነው፤ የስፌት መኪናም ይገባበታል። ቅድሚያ የሚያገኘው የሙያ ምዘናውን ያለፈ ነው። ያላለፈ ስሙ ክፍለ ሀገር ላሉ ፋብሪካዎች ይተላለፋል። ምዘናው ቅዳሜ ነው። ጨርቅ ይሰጡናል፣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍተን እናስረክባለን።

ሙሉ ሸሚዝ! እኔ ዘጠኝ ዓመት የሰፋሁት ኮሌታ ነው። ፎዚያ ደግሞ ከኋላዬ ተቀምጣ እጅጌ። ተቆልሎ ይመጣልናል፣ ተቆልሎ ይሄዳል። ማን እንደሚለብሰው እንኳ አስበን አናውቅም።

ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ የሚታየኝ ኮሌታ ብቻ ነው። የረዳቱ ጫፉ ተበልቷል። ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ኮሌታ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ እኔ ብሆን አላሳልፈውም ነበር። ትኩር ብዬ ሳይ ሰዎቹ ይጠፉና ኮሌታቸው ብቻ አየር ላይ ይቀራል። ዛሬ ከቀራንዮ ቁልቁል እንደ ወፍ ሲበሩ አየኋቸው፣ በጠራራ ፀሐይ። «ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እግሩን ካመመው ወዲህ እኔ ካልያዝኩት ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይደርስም። ክፍለ ሀገር የሚባለውን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ማን ይወስደዋል? ማን ይመልሰዋል? የወረዳውን ወሬ ከትናንት ጀምሮ ደብቄው ነበር፤ ምዘናውንም ክፍለ ሀገሩንም ነገርኩት።

«ሥራ ካለ ሂጂ እንጂ» አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ።

ተናደድኩ። እኔ ጥዬው መሄድ አልፈልግም፤ እሱም እንድሄድ አይፈልግም። ታዲያ ለምን ይዋሻል?

ቆይቶ ጠራኝ። «ችግሩ የሸሚዝ አሠራር ካለማወቅ ከሆነ የኔን ፈትተሽ እዪው።» ነጩን፣ የእሑዱን! ለቤተ ክርስቲያን ሌላ የለውም። «እስከ እሑድ ግን መልሺልኝ» አለ።

ዓርብ

አከራያችን እትዬ አስናቀች የእግር መኪናቸውን አዋሱን። «መርፌዬን እንዳትሰብሩብኝ!» አሉ፣ አራት ጊዜ።

ፎዚያና እኔ ሸሚዙን ፈታነው። አልጋው ላይ ዘረጋነው። ጀርባ፣ ሁለት ደረት፣ እጅጌዎች፣ ኪስ። ኮሌታው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ፎዚያ ፈታችልኝ። አልጋውን አየሁት። ሰው የተኛበት ይመስላል፣ ቀለል ያለ ሰው፣ ቢነፍስ የሚነሳ።

እኔ ኮሌታ አሳየኋት፣ እሷ እጅጌ አሳየችኝ። «አትጎትቺው፣ ራሱ ይዞራል» ትለኛለች። ትከሻው እንዴት እንደሚገጠም ግን ሁለታችንም አናውቅም! የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ እየተከተልን ደረስንበት። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጅ «ስንት ቀረው?» ይላል በየደቂቃው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሸሚዝ ሆነ። ቀኝ እጅጌው ትንሽ ወደ ኋላ ዞሯል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደክሞን ተውነው።

ቅዳሜ

የምዘናው አዳራሽ ጣሪያው ሩቅ ነው። ጨርቁ ሲሰጠኝ እጄ ከሁሉ በፊት ኮሌታውን አነሳ። ደስ ብሎኝ ሰፋሁ፣ ጫፉን አወጣሁ፣ ተኮስኩ። ቀና ስል ሌሎቹ ትከሻ ገጥመው ጨርሰዋል። እኔ የሚያምር ኮሌታ ይዣለሁ፣ የሚቀመጥበት አንገት የለኝም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጋው ታየኝ፣ የተዘረጋው የአባቴ ሸሚዝ። ትከሻ። ከዚያ ኮሌታ። ከዚያ እጅጌ። ፎዚያ ሩቅ ነው የተቀመጠችው፤ ድምጿ ግን እዚሁ ጆሮዬ ሥር ነበር። አትጎትቺው። እውነትም ራሱ ዞረ።

አንድ ቁልፍ ሲቀረኝ «ሰዓት አልቋል» ተባለ።

መዛኙ ሸሚዜን ገለባብጦ አየው። ስንት ዓመት እንደሠራሁ ጠየቀኝ፣ ዘጠኝ አልኩት።

«ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ?»

«ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ።»

ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። ያቺ አንድ ቁልፍ!

እሑድ

አባቴ ሸሚዙን ለብሶ፣ እኔ ይዤው መድኃኔዓለም ደረስን። ቀኝ እጁ ወደ ኋላ የተጠራ ይመስላል። መንገድ ላይ አንድ ጓደኛው አዲስ ሸሚዝ ነው ወይ ቢለው «ልጄ የሰፋችው ነው» አለ ኮራ ብሎ። የፈታችው ነው ልል ነበር። ተውኩት። ደስ ብሎኛል።

ስንመለስ ምን እንደጸለየ ጠየቅኩት። ክንዴን አጥብቆ ያዘ።

«እንድትሄጂ አይደለም» አለ።

ሰኞ

ዛሬ ሰርቪስ ልጠብቅ አልወጣሁም።

ስማችን ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፎዚያ፣ ብቁ። የኔን በጣቴ ሁለት ጊዜ ተከትዬ አነበብኩት። ብቁ! ፎዚያ እልል አለች፣ ዘበኛው ተቆጣን። ቤት ሄጄ ስነግረው አባቴ «እንግዲህ ይቺን እጅጌ ታስተካክይልኛለሽ» ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ከሰዓት የወረዳዋ ልጅ ሼዱን አሳየችን። በር አልተገጠመለትም። መብራት አልገባም። የስፌት መኪኖቹስ ስንላት «በቅርቡ» አለች። በቅርቡ የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ፋብሪካውም በቅርቡ ይከፈታል ተብለን ነበር። ስጋቱ አልለቀቀኝም። ግን ባዶው ወለል ላይ ፀሐይ ገብቶ ተንጣልሏል፣ የሆነ ቦታ የስፌት መኪና የሚንኳኳ መሰለኝ። መስኮቱ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እዚህ ነው የምቀመጠው።

ፎዚያ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣ ልክ እንደ ፋብሪካው። ዘጠኝ ዓመት ጀርባዬን ስታይ ነው የኖረችው።

«ከጎኔ ነይ እንጂ» አልኳት።

ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ መጣች።