ለልብስ ሰፊው ያላነበብኩላቸው ወረቀት

እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ እቴቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው? እማማስ ዓይኗ እንዴት ነው? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ነገ አደርገዋለሁ» እያለች ታታልላችኋለች? ጋሼስ ትከሻው ዳነለት? ድንጋይ መሸከሙን ለጎረምሶቹ ትቶ ግንቡን ብቻ እንዲይዝ ንገሪው፤ እኔ ስናገር አይሰማኝም። ትንሿ ልጅሽስ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ ደኅና ነኝ ብልሽ ግን መዋሸት ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ደግሞ ላለመዋሸት ነው።

የጻፍሽልኝ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። «አንተ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው፣ ትልልቅ ሰው ታውቃለህ፣ ትልቋን ልጄን ወደ አንተ ውሰድልኝ፤ አለዚያ ከጓደኞቿ ጋር በራሷ መንገድ እሄዳለሁ እያለች ነው» ብለሻል። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ዝም ያልኩት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። መልሴ የሚገባሽ መጀመሪያ ስለ አንድ ሰው ከነገርኩሽ ብቻ ስለሆነ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እሠራለሁ ያልኩሽ እውነት ነው፤ ግን እንዳሰብሽው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ አጥፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ጥናቱ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ከዚህ አገር ሕዝብ ጋር እንዴት እየተቀላቀሉ እንደሆነ የሚመረምር ነው። አንዱን ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት እየሄድን እንጠይቀዋለን። ቋንቋውን ምን ያህል ታውቃለህ? ከአገሬው ሰው ስንት ጓደኛ አለህ? አገሬ ነው ብለህ የሚሰማህ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው? የእኛን ቋንቋ የሚናገሩትን የምጠይቀው እኔ ነኝ። መልሱን ታብሌት ላይ በጣቴ እነካለሁ፤ ሰውየው ቁጥር ይሆናል።

ልብስ ሰፊውን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። አገር ቤት ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። የሚኖሩት ከተዘጋ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ መስኮቱን ስትከፍቺው ግድግዳ ነው የሚያይሽ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ጨርቅ የለበሰች የስፌት መኪና። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ራሳቸው የሰፉትን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ጠበቁኝ፤ ከመንግሥት የመጣሁ መስሏቸው። በኋላ አንሶላ አጣፊ መሆኔን ስነግራቸው «ይህን ብታውቅ ኖሮ ከረባቷ ትታዘበኝ ነበር» ብለው ሳቁ።

ያን ቀን ለጠየቅኋቸው ሁሉ «ስምንት» አሉኝ። ደስታም ስምንት፣ ጎረቤትም ስምንት፣ አገሬ ነው ማለትም ስምንት። «አባባ፣ ሁሉም እንዴት ስምንት ይሆናል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት የገባ ምግቡ አልጣመኝም ይላል?» አሉኝ። እውነተኛ መልሳቸውን የሰማሁት ታብሌቱን ዘግቼ ልወጣ ስል ነው። ሚስታቸውንና አንዲት ልጃቸውን ለማምጣት አመልክተው እየጠበቁ ነበር። ልጅቷን ትተዋት ሲወጡ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ሆና ነበር። «ስትመጣ ያንን ጥያቄህን መልሰህ ጠይቀኝ» አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ስሄድ ከረባት አላደረጉም። ጥያቄዎቹን ጨርሰን ስንነሳ ከፍራሹ ሥር አንድ ፖስታ አወጡ። «እስኪ ይህን አንብብልኝ፤ የመጋዘኑ አለቃ ጥሩ ነገር ይመስላል ብሎኛል» አሉ። አየሁት። ጥሩ ነገር አልነበረም። ማመልከቻቸው ውድቅ ሆኗል፤ የጎደለ ማስረጃ አለ፤ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላሉ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። ቀኑን ቆጠርኩት። ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

እቴቴ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። በሥልጠናው ጊዜ በጥብቅ የተነገረን አንድ ነገር አለ። የምንጠይቀውን ሰው ሕይወት አንነካም፤ ወረቀት አናነብም፣ ቢሮ አንወስድም፣ አንመክርም፤ ካደረግን ጥናቱ ይበላሻል። የእኔ መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በዚያው ወር ነበር የሚታደሰው፤ ለማሳደስም ከዩኒቨርሲቲው የሥራ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራሴ ውስጥ አለፈ። ወረቀቱን አጠፍኩና መለስኩላቸው። «አባባ፣ ይህ የሕግ ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልችልም። ሐሙስ ሐሙስ በነፃ የሚያማክሩ ጠበቆች አሉ፤ እነሱ ጋ ይውሰዱት» አልኳቸው። ቀኑን አልነገርኳቸውም። ዘጠኝ ቀን የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ከአፌ አልወጡም።

ከደረጃው ወርጄ መንገድ ላይ ቆምኩ። ልመለስ ብዬ አሰብኩ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርኩ። በማግስቱ አስተባባሪያችንን፣ ትሁት ልጅ ናት፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?» ብዬ እንደ ሩቅ ነገር ጠየቅኋት። «ወደ ነፃ ጠበቆቹ ከላክህ ልክ ነው» አለችኝ። ልክ ነው የሚለውን ቃል ይዤ ዓመቱን ሙሉ ተኛሁበት።

ሐሙስ መጋዘኑ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነው። ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ይደርሳል ብለው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሲሄዱ ቀኑ አልፎ ነበር። አዲስ ማመልከቻ እስኪያዘጋጁ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት። አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ በአባቱ ማመልከቻ አይመጣም። ሚስትየው ይችላሉ፣ ልጅቷ አትችልም ተባሉ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ አላወቅኋቸውም፤ ትከሻቸው ወርዶ፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፎ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ሸሚዝ! ጥያቄዬን ጀመርኩ። አሥራ አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የቤተሰብዎ ቁጥር ጨምሯል፣ ቀንሷል ወይስ አልተለወጠም?»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ወደ እኔ ልትመጣ በራሷ ከቤት ከወጣች ሰባት ወሯ ነው። ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ፣ ነገ እንሳፈራለን ብላ ደወለች። ከዚያ ወዲያ ድምጿ የለም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስኪ ንገረኝ። ቀንሷል ልበልህ? አባት ሆኜ ምላሴ እንዴት ይላል? አልተለወጠም ልበልህ?»

ታብሌቱ አንዱን ካልነካሽለት አያሳልፍም። ከታች «አላውቅም» የሚል ሣጥን አለ። እሱን ነካሁ። የሚቀጥለው ጥያቄ መጣ፦ «በጥቅሉ በዚህ አገር ባለዎት ሕይወት ምን ያህል ረክተዋል?» ጠየቅኋቸው፣ እቴቴ። አፌን ሞልቼ ጠየቅኋቸው። አንቺ ያሳደግሽው ልጅ ነው ይህን ያደረገው።

ጥናቱ ሲያልቅ ጉባኤ ተደረገ። ትልቅ አዳራሽ፣ ደረታቸው ላይ ስማቸውን የለጠፉ ሰዎች፣ በየጠረጴዛው ውኃ። እኛ መረጃ ሰብሳቢዎች ከኋላ ተቀመጥን። ጥናቱን የመሩት ፕሮፌሰር፣ ደግና ለሰው አሳቢ ሴት ናቸው፣ የስዕል ሰንጠረዦቻቸውን አሳዩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ በትልቁ «እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት የገባ ምግቡ አልጣመኝም ይላል?» የሚል ተጽፎ መጣ። ከሥሩ «ወንድ፣ 56 ዓመት፣ የመጋዘን ሠራተኛ» ይላል። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ወደዋቸው ነው የሳቁት። ቀጥሎ ስለ ቤተሰብ የሚያሳየው ሰንጠረዥ መጣ። ከታች በትንንሽ ፊደል «አላውቅም ያሉት ከስሌቱ ወጥተዋል» ይላል። ልነሳና ልናገር ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ከጎኔ ያለው ሰው ስለ ናሙና አመራረጥ ጥያቄ ጠየቀ። እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ሲያልቅ ፕሮፌሰሯን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ነገርኳቸው። የያዙትን ወረቀት አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደንቡን ስላከበርኩ ማንም አይቆጣኝም፤ ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።

እሑድ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ያለ ታብሌት ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ወረቀቱን አንብቤው እንደነበር፣ ቀኑን ቆጥሬ እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝቼ ነበር። «አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ቀን ወረቀቱን ስታየው ፊትህ ተለወጠ። ከባድ ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ልጠይቅህ ፈራሁ።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን በር ከፈቱልኝ?» አልኳቸው።

«ከአንተ በቀር በሬን በቋንቋዬ የሚያንኳኳ ማን አለ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አብረን ነን። ባለፈው ሰኞ ከሁለቱም ሥራዬ ቀርቼ የጠፉ ሰዎችን ወደሚፈልግ ድርጅት ወሰድኳቸው። ቅጹን የምትሞላው ሠራተኛ የልጃቸውን ቁመት፣ መልኳን፣ የተለየ ምልክት እንዳላት ጠየቀች። ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ተነሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ትከሻ ሠላሳ ሁለት፣ እጅጌ አርባ ሰባት፣ ደረት ስድሳ ስምንት፣ የቀሚስ ርዝመት ሰማንያ አምስት» አሉ፤ አንዴም ሳያቋርጡ። እኔ ተረጎምኩ፣ ሠራተኛዋ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው አላልክም? ይህ እኮ የሕፃን ልክ ነው» አለች። ይህን አልተረጎምኩላቸውም። እሳቸው ግን ከፊቷ ገብቷቸዋል። ቀስ ብለው ተቀመጡና «የለካኋት ያኔ ነው» አሉ። እስካሁን ከድርጅቱ ምንም ወሬ የለም። እንደሚኖርም አላምንም፤ ለሳቸው ግን ይህን አልላቸውም።

እቴቴ፣ አሁን ልመልስልሽ። ልጅሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኔ የማስመጣበት መንገድ የለኝም። የሷ አጎት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም፤ የሚያውቀው የበሩን ጠባቂ ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ ነው የሚስቅለት። አትምጪ ብዬ የምከለክልበት አፍ የለኝም፤ እኔ ራሴ መጥቻለሁና። ነይ የምልበት አፍም የለኝም። የምለምንሽ በራሷ እንዳትወጣ ብቻ ነው። በጉልበትም ቢሆን፣ በእንባም ቢሆን ያዢያት። አጎትሽ ራስ ወዳድ ነው፣ ደልቶት ረሳን በያት። ትጥላኝ፤ ጠልታኝም እናንተ ዘንድ ትኑር።

ለእማማ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት፤ ደኅና ነው፣ ወፍሯል በያት፣ ጉልበቷንም ስሜላታለሁ። ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ የሠራትን አጥር በፎቶ አይቻታለሁ፣ ቀጥ ያለች ናት። የካርድ ክፍል ጓደኛሽን፣ ያቺ ሳቂታዋን፣ እንደምን ነሽ በይልኝ። ለጎረቤታችን ለጡረተኛው መምህርና ለልጆቻቸው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ትንሿን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ ስለ እኔ ምንም አትጠይቂኝ፤ ደብዳቤውን «ልጄ ቤት ናት» ብለሽ ጀምሪልኝ፣ ሌላውን ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 19 ቀን