የማቆሚያውን ቁልፍ አብዝቶ ስለነካው እጅ

«አደጋው የደረሰው ሠራተኛው የማቆሚያውን ቁልፍ ከሚገባው በላይ በመንካቱ ነው። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ፈጽሟል።»

ለተከበሩ የፋብሪካችን የቴክኖሎጂ ክፍል ዋና ኃላፊ፣

ከላይ ያሰፈርኩት በየበሩ ባለው ስክሪን በማስታወቂያ እንዲነበብ ያደረጉት የራስዎ ቃል ነው። እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም አሥሩ ጣቶችዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የቆርቆሮ መቁረጫዎቹ ስክሪን ላይ ያሉትን ቁልፎች በኮድ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ተጎጂው ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ማስነሻው፣ ማቆሚያውና የመብራቱ ቁልፍ መልካቸው ቢለያይም የጣትን ንክኪ የሚቀበሉት አንድ ቦታ በተጻፈ የጋራ ኮድ ነበር፤ እሱ ሲታረም ሁሉም ይታረሙ ነበር። እርስዎ ግን «በጋራ ነገር አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሥራ ይጓተታል» ብለው ኮዱ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ተገልብጦ ለየቡድኑ እንዲከፋፈል አዘዙ። አንድ ገላ የነበረውን በመጥረቢያ ስለከታተፉልን እናመሰግናለን።

2ኛ. መቁረጫው ሲንቀጠቀጥ ስክሪኑ አንዱን ንክኪ ሁለት አድርጎ እንደሚቆጥር ደረስንበት። እንግዶች ሲያስጎበኙ መብራቱ በርቶ መጥፋቱ ስላሳፈረዎ የመብራቱን ቅጂ በዚያው ቀን አሳረሙ። የማቆሚያው ቅጂ የሌላ ቡድን «ንብረት» ነውና ልነካው ፈቃድ ብጠይቅ «ተራዎን ይጠብቁ» ተባልኩ። በማቆሚያው ላይ ሁለተኛ ንክኪ «ቀጥል» ማለት እንደሆነ ግን በስብሰባ ላይ ነግሬዎታለሁ።

3ኛ. አማቼ ቆርቆሮ ሲሰነቀርበት ማቆሚያውን አንዴ ነካ፤ ምላጩ ቆመ። የተሰነቀረውን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ሞተሩ ገና ይንቀጠቀጥ ስለነበር ስክሪኑ ያንኑ ንክኪ ደግሞ ቆጠረው። ምላጩ ወረደና አጥንቱን እንደ ቆርቆሮው ቆረጠው፤ ደሙ እስከ ስክሪኑ ተረጨ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል መብራቱ አንዴም አለመርገብገቡን ሳረጋግጥልዎ ደስታ ይሰማኛል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱን በእጁ ላይ ጫኑት፤ እጁ ደግሞ ቀርቦ መሟገት አልቻለም። ማስታወቂያዎን ሆስፒታል ሳነብለት «አይዞህ ጋሼ፣ ከእንግዲህ አብዝቼ አልነካም፤ የምነካበትም የለኝ» አለኝ። እኔ እንደ እሱ መቀለድ አልታደልኩም፤ ቃልዎን ከበሩ ላይ ነቅዬ በጉሮሮዎ ልሰድልዎ ተመኝቼ ነበር።

4ኛ. ሁለተኛው መቁረጫ ያንኑ ያልታረመ ቅጂ ይዞ ዛሬም ይሠራል፤ የአማቼ ባልደረባ ፊቱ ቆማለች። ሶፍትዌሩ እንከን ከሌለው እሷን ገለል አድርገው የሚፈርሙበትን እጅ ከምላጩ ሥር እንዲያሳርፉ፣ ማቆሚያውንም እኔ እንድነካልዎ በታላቅ አክብሮት እጋብዛለሁ። አብዝቼ አልነካም።

ሁለተኛው መቁረጫ እንዲቆም፣ ኮዱ ወደ አንድ ቦታ እንዲመለስና በአማቼ ላይ የለጠፉት ጥፋት እንዲነሳ መወሰንዎን እስከ መጪው ዓርብ ቀትር ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

ለፈራሚው እጅዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣
የቁልፎቹ ኮድ ጸሐፊ፣ የባለ አንድ እጁ ሠራተኛ የእህት ባል

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያዎ በየበሩ ስክሪን ላይ መጀመሪያ ሲወጣ ከማዕረግዎ «ዋና» የሚለው ጎድሎ ነበር። ቅር ተሰኝተው አንድ ቦታ ላይ ቢያሳርሙት ከሻይ ሰዓት በፊት በሁሉም በር ተስተካከለ። እንግዲያው አንድ ቦታ የታረመ ሁሉም ዘንድ እንደሚደርስ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የሚቸግርዎ ጉዳዩ የሰው እጅ ሲሆን ብቻ ነው።